ከበሩ ኋላ ያለው እጅ

ልብስ ሰፊዋ ፈሪ ናት። ራሷም አትክድም፤ የገዛ ጥላዋን አይታ የምትደነግጥ ሴት ናት። ታዲያ እንዲህ ያለችው ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ከሰዓት ከባሏ ጋር አስፈሪ ፊልም ስታይ ኖረች ቢባል ማን ያምናል? ስታይ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ትራስ ፊቷ ላይ ለጥፋ ነበር የምታዳምጠው።

ባሏ በር ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ «ማጠፊያ» ይለዋል። የሚወዳቸው ፊልሞች የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በአንድ ቤትና በሦስት ሰው ተሠርተው ያለቁ፣ ድህነታቸው ከሩቅ የሚያስታውቅ ናቸው። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤት ትውላለች፣ ደረጃው ይንቋቋል፣ አለቀ። ከሁሉም የሚወደው ግን የበሩን ፊልም ነበር። በሩ ሲጥጥ ሲል እሷ ከትራሱ ሥር «ምን መጣ?» ትላለች። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅ። ጥፍሩ የረዘመ እጅ» ይላታል። «ውሸትህን ነው» ስትለው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምላል። እሷም ክንዱን ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ላይ አጎንብሳ ያ እጅ ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች፤ እንዲያው ፍርሃቱ ይጣፍጣታል።

ዓምና የዓይን ግፊት ያዘውና በስድስት ወር ብርሃኑን ወሰደበት። ይህን እንደምንም ቻለችው። ያልቻለችው ቴሌቪዥኑን «ለሚያይ ሰው ስጪው» ማለቱን ነው። እሑድ በመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። አንድ ቤት ውስጥ እያሉ ናፈቃት።

አንድ እሑድ ግን እጁን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«የበሩን ፊልም ከፍቻለሁ» አለችው።

«ምን ሊያደርግልኝ?»

«እኔ እያየሁ እነግርሃለሁ።»

«አንቺ?» አለ፤ ሳቅ እንኳ ቃጣው። እሷ ትራሱን አንስታ ወዲያ ወረወረችው።

እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ነገረችው። የሴትየዋ ቀሚስ ጠርዙ በስፒል መያዙን ሳይቀር ነገረችው፤ መቼም ሰፊ ናት። «በሩ ሲንኳኳ ግድግዳው አብሮ ይወዛወዛል» አለችው። «ስስ ጣውላ ነዋ፤ ድምፁ ያስታውቃል» አላት። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። በሩ ሲጥጥ አለ። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም።

በሩ ተከፈተ። ከኋላው ጨለማ ነው። እጅ የለም፣ ጥፍር የለም። ሴትየዋ ጮኸች፣ በሩም ተዘጋ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ አቀርቅሮ «አየሽ አይደል» አለ። «ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ድሆች ነበሩ፤ እጅ የሚሠሩበት አጡ። እኔ ጨመርኩላቸው።» ቀጥሎም «በየሳምንቱ በዓይኔ በውሸት ስምል ኖርኩ። ይኸው» አለ።

ለካ ፊልሙን የሸሸው ለዚህ ኖሯል። ሐኪሙ በሽታው ከማንም ጥፋት የመጣ አይደለም ማለቱን ልታስታውሰው አሰበች፤ ግን ሐኪሙ ሲናገር እሱም አብሯት ተቀምጦ ነበር።

«እጁማ ወጥቷል» አለችው።

«ተይ እንጂ።»

«ጥፍሩም ረዝሟል። ዓይኔን ግንባር…»

አፏን በመዳፉ ከደነው። አልዳበሰም፤ በአንዴ አገኘው። «አትማዪ» አለ። «አደራሽን፣ በዓይንሽ አትማዪ።»

እጁን ከአፏ አንስታ ጭኗ ላይ ያዘችው። «ለምን አልምልም? ሠላሳ ዓመት ሳየው የኖርኩት እጅ ነው። አንተ እያሳየኸኝ።»

ፊልሙ በራሱ ጊዜ መሄዱን ቀጥሏል።

«ጥፍሩ አሁንም አልተቆረጠም?» አላት በመጨረሻ።

«ብሶበታል።»

ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው፤ የወረወረችውንም ትራስ አነሳች። በሩ ሲጥጥ ሲል ፊቷን ሸፍና «ምን መጣ?» አለችው።

«እጅ» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን ጊዜ ግን አልማለም፤ እሷም ውሸትህን ነው አላለችውም።