አበባው እስኪወጣ

ሰሞኑን የልጄ ባል ከአሶሳ ገበያ እንደ ሽንኩርት ያበጠ የአበባ ሥር ገዝቶ መጣ። ሻጩ በየቀኑ ውሃ አጠጣው ብሎታል። "በበጋ ካጠጣኸው ይበሰብሳል" አልኩት። ከየት እንዳወቅኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

በሰፈራው ዘመን አባቴ፣ እናቴና እኔ ከወሎ ወደዚህ ወደ አሶሳ ስንመጣ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። በመጀመሪያው ክረምት እናቴን ወባ ገደላት። ቀርከሃው ከሚጀምርበት፣ ከመንደሩ ዳር ቀበርናት። ሰነባብቶ ለጎጆ የሚሆን ቀርከሃ ስንቆርጥ አበባው የረገፈ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል አገኘሁ። ነቅዬ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተከልኩትና በራችን ላይ አስቀመጥኩት።

"የጅብ ሽንኩርት ነው" አለ አባቴ። "የዱር ነገር ቤት አይለምድም።"

በጋ ገባ። ሜዳው ላይ ሣር ሲቃጠል ጢሱ እስከ ጎጇችን ይመጣል። የተክሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ፤ እኔም ውሃ አበዛሁበት። የደረቀ ባሚያ በጨው ልትለውጥ የመጣች እትዬ ሐሊማ የምትባል የአገሬው የበርታ ሴት አፈሩን ነካ አደረገችና፣

"ውሃ ተው" አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። "እሱ ሞተ አይደለም፤ ተኛ። ዝናብ ሲመጣ ይነሳል።"

በዚያ በጋ ብዙ ሰው ወደ አገሩ ይጠፋ ነበር። አባቴም ከሁለት የአገራችን ሰዎች ጋር ወንዞቹ ሳይሞሉ በእግር በወለጋ በኩል ለመውጣት ተስማማ። በሶ ፈጨሁ። ሰዎቹ ማልደው ሲመጡ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

"የልጅቷ አበባ ሳይወጣ አንሄድም" አላቸው።

"ለአበባ ብለህ?"

"አዎ።"

እኔን የአክስቴ ቤት፣ ደጋው፣ ቀዝቃዛው ውሃ ነበር የናፈቀኝ።

"አባዬ፣ ተሸክሜው እሄዳለሁ" አልኩት።

"መንገድ ላይ ይሞታል" አለኝ።

ሰዎቹ ሄዱ። ብዙ ቀን አኮረፍኩት። ከሁለቱ አንዱ አገሩ መግባቱን ኋላ ሰማን፤ የሌላውን ወሬ የነገረን የለም።

ዝናቡ ሲጀምር ከባዶው አፈር ቅጠል የሌለው ግንድ ወጣ፤ ጫፉ ላይ እንደ ኳስ ድቡልቡል የሆነ ቀይ አበባ ፈነዳ። አባቴ ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ዶማውን አንስቶ በቆሎ ሊዘራ ሄደ። ስለ መሄድ ዳግም አላነሳም።

"አባትዎ አበባ ይወዱ ነበር ማለት ነው" አለኝ አማቼ።

አባቴ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አጠጥቶት አያውቅም። ሚስቴን ጥዬ አልሄድም ብሎ ሰው ፊት መናገር አቅቶት እንደነበር የገባኝ ባለቤቴን እዚሁ ከቀበርኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጆች ሊወስዱኝ ከወሎ ድረስ መጡ። እንዳይቀየሙኝ አሳምሬ አስተናገድኳቸው። ለምን አትመጪም ሲሉኝ ግን፣ ማሽላው ገና አልታጨደም አልኳቸው።