የአባ መጫን ጉልበት ማን በላው

ተረት ሁሉ በጉልበት ድምፅ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ። የእናቴ አጎት አባ መጫ ቤታቸው ጅሬን ዳገቱ ላይ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደኛ ይወርዱና ፍሙ አጠገብ ለመቀመጥ ሲያጥፉት ጉልበታቸው ቀጭ ይላል። ከዚያ «ዱሪ ዱሪ» ብለው፣ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው፣ ሲጀምሩ እኔና ወንድሜ የቡና ገለባው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ በፋኖሱ ብርሃን አፍ አፋቸውን እናያለን።

አንድ ክረምት፣ ተረቱ ውስጥ ጅቡ የፍየሏን በር ገፍቶ ሲገባ «ቀሪው ነገ» ብለው ሄዱ። በነጋታው አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም ቀሩ። እናቴን ብጠይቃት፣ ሐኪም ቤት ጉልበትዎ ተበልቷል ተባሉ አለችኝ። ያኔ መበላት የማውቀው በጥርስ ብቻ ነበርና የበላው ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገርኩም። ከመሸ ደጅ መውጣት ተውኩ።

ወጌሻ አሽቷቸው ጉልበታቸው ጭራሽ አበጠ። ቤተሰቡም እንዳይነቃነቁ ብሎ ምግባቸውን ሳይቀር አልጋቸው ድረስ ይወስድላቸው ጀመር። እናቴ እንደተኙ እንዳይቀሩ ፈርታ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤቱ መልሳ ስትወስዳቸው እኔም ተከተልኩ።

አንዲት ወጣት ባለሙያ ጉልበታቸውን እያጠፈች እየዘረጋች ስታይ፣ ለወትሮው ሰው ፊት የማልናገረው ልጅ «የበላው ጅቡ ነው?» አልኳት። አባ መጫ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ያለቀውን ሶል አሳየችኝ።

«እንዲህ ነው የተበላው። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መሃላቸው ያለው ልስልስ ነገር ሳስቷል።»

«እንግዲያ ጨርሶ እንዳያልቅ ልቀመጥ?» አሉ አባ መጫ።

«መቀመጡ ይብስብዎታል፣ አባባ። የጭንዎ ሥጋ ሲሰንፍ ሸክሙ ሁሉ ጉልበትዎ ላይ ይወድቃል። እግርዎን እየዘረጉ ያጠንክሩት፣ ቀስ እያሉም ይራመዱ። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ዳገቱን ግን ይወርዳሉ።»

ለሚያማቸው ቀን ክኒን ሰጠቻቸው፣ ምርኩዝም ያዙ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሳቸው ዘንድ እየወጣን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲዘረጉ እኛም አብረን እንዘረጋለን። ወንድሜ ደክሞት ቶሎ ሲያወርድ «ያንተንም በላው እንዴ?» ይሉታል። ተረቱን ይጨርሱልን ብለን ብንለምናቸው እምቢ አሉ።

«እናንተ ቤት ነው የተውኩት፤ እዚያው መጥቼ አነሳዋለሁ።»

ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ምሽት የምርኩዝ ኮቴ ሰምተን በሩን በረገድነው። አባ መጫ ዳገቱን ይወርዳሉ፤ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ልንይዛቸው ስንሮጥ በእጃቸው መለሱን። እናቴ ሳቅና እንባ ተደባልቆባት በሩ ላይ ቀረች፤ እኔ በቆምኩበት እዘል ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ፍሙ አጠገብ ቁጭ አሉ፣ ተረታቸውንም ካቆሙበት አነሱት።

ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ካቋረጥኩ ወዲህ የተማርኩት ብዙው ከራሴ ወጥቷል። ፍየሏ እንዴት እንዳመለጠች እንኳ ዛሬ ለልጄ ልነግራት ስል ይጠፋብኛል። አባ መጫ ያን ምሽት ሲወርዱ ግን አሁንም ፊቴ ድቅን ይላሉ። ጉልበታቸው ከዚያ በኋላም አልዳነም፤ እሳቸው ግን ይመጡ ነበር።