የተሰረዙት የዓሣ ስሞች

በኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት መምህር ኦጉቱ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከአራት ሰዎች ጋር የሉኦ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። ሁሉም በየቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር አንድ የጋራ ሰነድ ላይ ይጽፋሉ። ብዙ ቃል ያስገባችው ዓሣ ነጋዴዋ አዎር ነበረች። ቡድኑ እሷን ባመሰገነ ቁጥር መምህሩን ይከፋቸዋል። አንድ ቀን የጻፈቻቸውን አርባ የዓሣ ስሞች ሰረዙባት።

በሳምንቱ አምስቱም በስክሪን ሲገናኙ አዎር ስሞቹ የት እንደገቡ ጠየቀች።

«ኮምፒውተሩ በልቷቸው ይሆናል» አሉ መምህሩ።

«ኧረ መምህር፣ ማን እንደሰረዘ እኮ ራሱ ይመዘግባል!» አለ አስተባባሪው ኦኬች። ወዲያው መዝገቡን ከፍቶ ለሁሉም አሳየ። የመምህሩ ስም ከነሰዓቱ ቁጭ ብሏል።



«እጃቸው ስቶ ነው፤ እኔስ ስንቴ ሰርዤ የለ?» አለች አዎር።

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። «እጄ እንኳ አልሳተም፣ ልጄ፤ ቀንቼ ነው» አሉ አንገታቸውን ደፍተው።

ኦኬች ስሞቹን ባንዴ መለሳቸው። መምህሩም ሥራውን አልተዉም፤ ግን ለሦስት ወር ካሜራቸውን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ይገኙ ነበር።