ሁለት ሰርቨርና አንድ ወንበር

ፕሬበን ኖርስኮቭ ሳሎን ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው። ዕቃ አጥቶ አይደለም፤ ጥሩ ድምፅ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ከፊት ቆመዋል፤ ወንበሩ ከሁለቱም እኩል በሚርቅ ቦታ ላይ ተተክሏል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ዘፋኟን መሐል ላይ ቆማ ያገኛታል፤ ክንድ ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ያለ ግን የሚደርሰው ጫጫታ ነው። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጠው ወጥ ቤት ነው። እንግዳ ግን አይመጣም።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሌምቪግና በሆልስተብሮ ከተሞች መካከል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ከአናቱ በላይ «በጉዞ ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ኩባንያው ሳይሆን ፕሬበን ራሱ ነው የለጠፈው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ወሬ አይሆንለትም። ማታ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ሚስቱን ሊስቤትን «መጥፎ አይደለም» ይላታል። ይህ በእኛ በምዕራብ ዩላንድ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ይሰየምና አበቃ።

ሊስቤት ከሞተች ሁለተኛው ክረምት መጣ። ፕሬበን ለሰው የማይናገረው አንድ ችግር ገጠመው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በሲዲ ተሞልቷል፤ አንዱ ሲያልቅ ተነስቶ ሌላውን መክተት አለበት፤ ጉልበቱ ደግሞ እምቢ ብሏል። እሱስ ባልከፋ። የከፋው አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለው ጸጥታ ነው። ድሮ ያን ጸጥታ አያውቀውም ነበር፤ ከወጥ ቤት የሳህን ኮሽታ ይመጣል፣ ሊስቤት በስልክ ስትስቅ ይሰማል። አሁን ሲዲው ሲያልቅ ቤቱ ራሱ ይሰማል፤ የማቀዝቀዣው ጉምጉምታ፣ ከባሕሩ ወሽመጥ ከፊዮርዱ የሚመጣው ነፋስ፣ የራሱ ትንፋሽ። ስለዚህ ሙዚቃውን ሁሉ በአንድ ሳጥን ይዞ ጠዋት ከተከፈተ እስከ መኝታ ሰዓት ዝም የማይል ሰርቨር ለመግዛት ቆረጠ።

ሆልስተብሮ ያለው ባለሱቁ ፍሌሚንግ የድሮ ደንበኛውን ሲያይ ሁለት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አወጣለት።

«ይሄ ጥቁሩ ሲዲህን አፉ ውስጥ ስትከትለት ራሱ ገልብጦ ያስቀምጠዋል» አለው። «ብርማው አይገለብጥም፤ በኮምፒውተር ገልብጠህ ራስህ ትሞላዋለህ። ድምፁ ግን…»

«ድምፁ ምን?»

«እሱን ጆሮህ ይንገርህ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አትመነኝ።»

«አምኜህም አላውቅ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምወድህ። ሁለቱም ላይ የምታውቃቸውን ሙዚቃዎች ጭኜልሃለሁ። ውሰዳቸውና ስማቸው፤ በወሩ መጨረሻ ግን አንዱን መልስልኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ዋጋውንና መልኩን አይቶ አንዱን አንስቶ ይሄዳል። የዚህ ነገር ሱስ ያለባቸው ሰዎች ግን ሕግ አላቸው፤ ዕቃውን እያዩ አይመርጡም። ዐይን ውድ የሆነውን ያሳምራል፣ ምስኪኑ ጆሮም ዐይንን ተከትሎ ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ ሰሚው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መቀያየሪያ እያዞረ «አንድ» ይላል፣ «ሁለት» ይላል። የትኛው ቁጥር የትኛው ዕቃ እንደሆነ ሰሚው የሚያውቀው ከመረጠ በኋላ ነው። ፕሬበን ቤት ያን ሥራ ለሰላሳ ዓመት የሠራችው ሊስቤት ናት። መሣሪያዎቹ የሚቀመጡበት መደርደሪያ ኮሪደሩ አፍ ላይ ነው፤ እሷም አጠገቡ አጭር መቀመጫ ላይ ሆና ሹራቧን እየሠራች «አንድ»፣ «ሁለት» ትል ነበር።

አሁን «አንድ»፣ «ሁለት» የሚል ሰው የለም። ፕሬበን መጀመሪያ ብቻውን ሞከረው። የሊስቤትን ሻርፕ ዐይኑ ላይ አሠረ፤ መቀያየሪያውን የትኛው ላይ እንዳለ እስኪጠፋው ድረስ ወዲያና ወዲህ አዟዟረው፤ ከዚያም በዳበሳ ወደ ወንበሩ ሊመለስ ሞከረ። እጁ ግን ሌባ ነው፤ ቁልፉን የት ላይ እንዳቆመው ያውቃል። እንደገና ሊያዞር ሲመለስ ጉልበቱን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር አላተመውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሻርፑን ሳይፈታ እዚያው ቆየ። በቀብሯ ቀን እንኳ ብቻውን መሆኑ እንዲህ አልገባውም ነበር።

በማግስቱ መንገዱን ተሻገረ። ከፊት ለፊት ያለው ቤት የሪግሞር ነው። ባሏ የሞተባት፣ በታኅሣሥ ብርድ ፊዮርዱ ውስጥ ዘላ የምትገባ፣ የሊስቤት የዋና ጓደኛ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከፕሬበን ጋር የሚተያዩት በመስኮት ብቻ ነው፤ እሱ እጁን ያነሳል፣ እሷም ታነሳለች። የሚለውን ነገር መንገዱን እስኪያቋርጥ በአፉ ሲለማመደው ነበር።

«ሪግሞር፣ ከጀርባዬ ሆኖ መቀያየሪያ የሚያዞርልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።»

ሪግሞር ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት እጅህን ስታነሳልኝ ኖረህ ዛሬ ደጄን ያንኳኳኸው ለመቀያየሪያ ነው?»

«አዎ።»

«ጥሩ፣ ቢያንስ አትዋሽም። ኮቴን ላምጣ።»

መጀመሪያ ቀን «አንድ» የተባለው ጠለቅ ያለ መሰለው። ሁለተኛው ቀን ላይ «ሁለት» የተሻለ መሰለው። በሦስተኛው ቀን እውነቱ ቁልጭ ብሎ ታየው፤ ሁለቱ ሳጥኖች ምንም ልዩነት የላቸውም። አንዱ ጥቁር ነው፣ አንዱ ብርማ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው። ይህን ለሪግሞር መንገር ነበረበት። አልነገራትም።

ምክንያቱም ሪግሞር ታወራለች። በአንዱ ሙዚቃና በሌላው መካከል ያለውን ጸጥታ አንዲት ሰከንድ አታስተርፍለትም። ዓሣ ሻጩ በሄሪንግ ዓሣው ላይ ስለጨመረው ኮምጣጤ፣ ስለ ከንቲባው አዲስ ጢም፣ ከጀርባ ሆኖ ሲታይ የፕሬበን ፀጉር ስለሚያስፈልገው መቀስ። «ይሄን አናትህን ለሰላሳ ዓመት ስታይ የኖረችው ሊስቤት መንግሥተ ሰማያት ካልገባች ማን ይገባል» ትለዋለች። ፕሬበን በነጋታው ፀጉሩን ተስተካክሎ ጠበቃት። ከዳቦ ቤቱም ኬክ ገዛ፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው በሉት።

«እንዴት ነው ኬኩ?» አላት።

«መጥፎ አይደለም።»

እዚህ ላይ ሰውዬው ዋሾ ሆነ ብል አላጋነንኩም። «የሰማነው ፒያኖ ብቻ ነው፤ በሰው ድምፅ ሊለያዩ ይችላሉ» አላት። የሰው ድምፅ ሲያልቅ «በቫዮሊን ነው ጉዱ የሚታየው» አለ። በቫዮሊኑም ምንም ጉድ አልታየም። ከመረጠ ግን ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ ሪግሞር መንገዱን የምታቋርጥበት ምክንያት የለም፤ እንደገና እጅ ማንሳት ሊሆን ነው። ሰውን ዝም ብሎ «ነይ ቁጭ እንበል» ማለት የሚችል ሰው አለ። ፕሬበን አይችልም፤ እንዴት እንደሚባል አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሌለ ልዩነት ይፈልጋል።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ፍሌሚንግ ደወለ። ሪግሞር ያን ጊዜ ከመደርደሪያው አጠገብ፣ አጭሩ መቀመጫ ላይ ነበረች።

«ነገ አንዱን እፈልገዋለሁ» አለው ፍሌሚንግ። «የትኛው አሸነፈ?»

«ነገ እነግርሃለሁ» ብሎ ዘጋው።

«እንግዲህ ዛሬ ይለይለታል» አለች ሪግሞር።

«አንድ የኦርጋን ሙዚቃ ቀርቶኛል። ዛሬ የሚያልቅ አይመስለኝም።»

ሪግሞር ሳቋ መጣ። «ወይ አንተ! ሊስቤት ይህን ብትሰማ።»

«ምኑን?»

«‹አንድ ቀርቶኛል› ያልከውን። ድሮ ነገሩን የምታራዝመው እሷ ነበረች።»

«ሊስቤት ለሙዚቃው ግድ አልነበራትም።»

«አልነበራትም። መቀያየሪያውን የማታዞረውስ ለዚህ አይደል?»

ፕሬበን ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን አዞረ። «የማታዞረው?»

የሪግሞር ሳቅ ወዲያው ጠፋ። «የምታውቅ መስሎኝ ነበር።»

«አላውቅም። ንገሪኝ።»

«ከባሕር ወጥተን ስንደራረቅ ነው ለእኛ ለዋና ጓደኞቿ የነገረችን። ‹ሁለት› ትልሃለች፣ ቀጭ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደነበረበት ትመልሰዋለች። ሁልጊዜ የምትሰማው አንዱኑ ነው። ሳቅን፣ ሆዳችን እስኪፈርስ ሳቅን። ከዚያ ለምን እንደምታደርገው ነገረችን።»

«ለምን ነበር?»

ሪግሞር ሹራብ የያዘች ይመስል እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ልዩነቱን ቶሎ ካገኘኸው መርጠህ ትጨርሳለህ። ካላገኘኸው ‹እስቲ ድገሚው፣ አሁንስ? እስቲ ደግሞ› ትላታለህ። ‹እኔን የሚፈልገኝ ያኔ ብቻ ነው፣ ለምን ቶሎ ይለቅ?› አለችን። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።»

ፕሬበን መጀመሪያ ተናደደ። ማጉያው፣ ስፒከሮቹ፣ እስከ ገመዱ ድረስ እዚህ ቤት ያለው ሁሉ በዚያ መንገድ የተመረጠ ነው፤ አንድን ነገር ሁለቴ እየሰማ አንዱን ከሌላው ሲያስበልጥ ኖሯል። ለጎረቤትም ለፍሌሚንግም ስለዚያ ጆሮው ተኩራርቷል። ንዴቱ ግን አልቆየለትም። ሊስቤት ያደረገችው እሱ ይህን ሰሞን በሪግሞር ላይ ሲያደርግ የሰነበተውን ነው። እሱ ያደረገው ቤቱ ባዶ ስለሆነበት ነው፤ እሷ ግን ስታደርገው እሱ ቤት ውስጥ ነበር።

«ልዩነት የላቸውም» አለ በመጨረሻ። «ካወቅኩ ቆየሁ። እንዳትቀሪብኝ ብዬ ነው።»

«ገምቼ ነበር» አለች ሪግሞር። ደግሞ ጠየቀችው፤ «አንድ ቀን እንኳ ወደ ፊት ነይና አብረን እንስማ ብለሃት ታውቃለህ?»

«ወንበሩ አንድ ነው እኮ» አለ ፕሬበን። ከአፉ ሲወጣ ነው ራሱን የሰማው። ፊቱ ቀላ።

ከዚያ ተነሳ። «ነይ፣ አንቺ እዚህ ተቀመጪ» አላት። ሪግሞር መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ኮሪደሩ አፍ ላይ ወዳለው አጭር መቀመጫ ሄደ። ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ፣ ታመመም። ሰርቨሮቹን የሚያዝበትን ታብሌት ነክቶ የኦርጋኑን ሙዚቃ አስጀመረ።

በሰላሳ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ሙዚቃው እዚህ ሲደርስ ሙዚቃ አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር እየተላተመ ይደፈርሳል፤ ቀጭኑ ከነጭራሹ አይደርስም፤ ሲሰሙት ጎረቤት ቤት የተከፈተ ነገር ይመስላል። ከፊት የሚታየው ከወንበሩ በላይ ብቅ ያለ የሰው አናት ብቻ ነው፤ አሁን የሪግሞር ነጭ ፀጉር፣ ያኔ የእሱ። ሊስቤት በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጣ ስትሰማ የኖረችው ይህን ነው፤ ስታይ የኖረችውም ይህን ነው። ሌላ ወንበር ማምጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ፕሬበን አለቀሰ። እስከዛሬ ያዘነው ስለሞተች ነበር፤ አሁን ያለቀሰው በሕይወት እያለች፣ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ብቻዋን ስለነበረች ነው።

ሪግሞር ሰምታዋለች። አልዞረችም።

«በል እንግዲህ፣ ሁለተኛውን አሰማኝ» አለችው።

ፕሬበን አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሁለት» አለ፤ መቀያየሪያውን ቀጭ አደረገና ቀስ ብሎ ወደነበረበት መለሰው።