ነካኪውና የእናቱ መናገሪያ

ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ አርፎ አያውቅም። ደህናውን ሰዓት ፈትቶ መግጠም ያቅተዋል፤ የሬዲዮውን ብሎን አልጋ ሥር ይጥላል። እናቱ "ነካኪው" ብላ ጠራችው፤ በዚያው ስሙ ሆኖ ቀረ። አድጎ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ ሲሆን "እሰይ፣ ያ እጅ ደመወዝ አገኘ!" ብላ ሳቀች።

በስተርጅና በሽታ ጣላትና እጅ እግሯም አንደበቷም ተያዘ። ሾርባ በትንሽ ማንኪያ ትውጣለች፤ ከዚያ ሌላ የሚታዘዝላት የግራ ዓይኗ ሽፋን ብቻ ነበር። ነካኪው ለዚያች ዓይን መናገሪያ ሠራላት። ከአልጋዋ ፊት ለፊት በቆመው ስክሪን ላይ ፊደላቱ በየተራ ይበራሉ፤ የምትፈልገው ሲበራ ትጨፍናለች፤ ቃሉ ሲሞላ ማሽኑ ይናገርላታል። ፕሮግራሙ ከቁርጥራጭ እንደተሰፋ ብርድ ልብስ ነው፤ አንዱ ክፍል ዓይኗን ያያል፣ አንዱ ፊደል ይመርጣል፣ አንዱ ድምፅ ያወጣል። እያንዳንዱም የራሱ ልክ አለው፤ ፊደሉ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ዓይኗ ምን ያህል ሲወርድ እንደ መጨፈን እንደሚቆጠር።

ልኩን ለማግኘት ብዙ ደክሟል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቧ ይቀመጣል።

"እማ፣ አሁንስ? ፈጠነብሽ?"

አንዴ ከጨፈነች አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይ ማለቷ ነው። ነካ ያደርጋል፣ ያያታል፣ ደግሞ ነካ ያደርጋል። የመጀመሪያ ንግግሯ "ሾርባው ውሃ ነው" የሚል ነበር። ሾርባውን የሠራችው ታላቅ እህቱ በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቋን ሳትጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እየዋለ እያደረ የእናትየው ዓይን ደከመ። ሽፋኑ ግማሽ ድረስ ብቻ መውረድ ጀመረ፤ ሁለቴ መጨፈን ቀረ። ነካኪውም ልኩን ከድካሟ ጋር ትንሽ በትንሽ አላላው። ያንን ልክ ግን ከፕሮግራሙ ውጭ የትም አላስቀመጠውም። "ሁሌ እየተለወጠ ምኑን ላስቀምጠው" ይል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ትራሱን እያስተካከለች አሾፈችበት።

"አንተ፣ ይሄ ድምፅ እኮ ጉንፋን የያዘው ዘበኛ ነው የሚመስለው። እማ እንዲህ ነበር የምትናገረው?"

"ነካክቼ ነው ያበላሸሁት። ቆይ፣ ድምፁን ብቻ መጀመሪያ ወደነበረበት ልመልሰው።"

ስክሪኑ ላይ "ተ" ተመረጠ። ቆይቶ "ው" ተከተለ። "ተው" አለ ጎርናናው ድምፅ።

"አየሽ እማ፣ ቁጣሽን እንኳ አያሳምርልሽም" አለና እየሳቀ "ወደ መነሻው መልስ" የሚለውን ነካ።

የነካው ግን የድምፁን ክፍል አልነበረም፤ ሁሉንም ያቀፈውን ትልቁን ክፍል ነበር። ትልቁ ወደ መነሻው ሲመለስ በሥሩ ያሉት ሁሉ አብረውት ይመለሳሉ። እንዲያ እንዲሆን ያደረገው ራሱ ነው፤ አንድ በአንድ መመለስ ሰልችቶት።

"እንኳን ደህና መጡ። ለመጀመር ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለ እንደ ዜና አንባቢ የጠራ ድምፅ። ፊደላቱም ፍሬኑ እንደተበጠሰ መኪና ይሮጡ ጀመር።

እህቱ ፊቱን አየችና ትራሱን እንደያዘች ቀረች።

"ኮፒ የለህም?"

"የለኝም።"

"አንተ? ለሰው ሁሉ ኮፒ አስቀምጡ እያልክ?"

ነካኪው ትዝ ያለውን ቁጥር ሁሉ ሞከረ። ሲያላላው ማሽኑ የሽፋኗን መንቀጥቀጥ ሁሉ እንደ ቃል ቆጥሮ "ሀሀለሀ" ይላል፤ ሲያጠብቀው ዝም። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ እሷን ለመጠየቅ ደግሞ ማሽኑ ያስፈልጋል። ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። ዓይኗም ሰው አይጠብቅም፤ በየቀኑ ትንሽ እየከበደ ይሄዳል።

አሁንም ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ ይቀመጣል። "እማ፣ አሁንስ?" ይላታል። ሽፋኑ ግማሽ ይወርዳል፣ ይቆማል።

"አልተረዳሁም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" ይላል ማሽኑ በትህትና።

ትናንት እህቱ ሾርባ ይዛ ገባች፤ በማንኪያ ቀመሰችና ወደ እናቷ ጎንበስ አለች።

"ውሃ ነው አይደል እማ? ስደቢኝ በይ።"

ሽፋኑ ወረደ። አዎ ይሁን እንቅልፍ አልታወቀም። የነካኪው እጅ ወደ ማሽኑ ቁልፎች ተነሣ፤ መንገድ ላይ ቆመ። መልሶ ከጭኑ ሥር ከተተውና ተቀመጠበት።