ሰማያዊዎቹን ስንቆጥር

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ለሁለት ሳምንት አንድ ስልጠና ገብቼ ነበር። ህዋስን አይቶ "ብዙ ነው፣ ትንሽ ነው" ከማለት ይልቅ በቁጥር መለካትን የሚያስተምር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፋታ የማይሰጥ ስልጠና ነው። ከየዩኒቨርሲቲው የመጡ ተመራማሪዎች ነበሩበት። ላብራቶሪው ከተክለ ሃይማኖት ብዙ ስለማይርቅ፣ መስኮት ሲከፈት የጭነት መኪና ጥሩምባና የተሸካሚዎች "ዘወር በሉ!" አብሮ ይገባል። ሌሎቹን ይረብሻቸው ነበር። እኔ መርካቶ፣ በርበሬ ተራ እናቴ ሱቅ ውስጥ ስላደግኩ ጸጥታው ነው የሚረብሸኝ።

ሁለት ሁለት ሆነን ስንመደብ ለእኔ የደረሱኝ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ መምህር ነበሩ። ብዙ ዓመት አስተምረው ዶክትሬታቸውን ገና የጀመሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሳ እንዳልበላሁ አይተው ከፓስቲያቸው ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝና "ብዪ፣ ህዋስ በባዶ ሆድ አይታይም" አሉኝ።

ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው። እርሾ በተለያየ ሙቀት ውስጥ እናቆይና ሰማያዊ ቀለም እንጨምርበታለን። የሞተው ህዋስ ቀለሙን ይይዛል፤ በሕይወት ያለው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ ትንንሽ ካሬዎች የተሰመሩበት መስታወት ላይ ጠብ አድርገን፣ በማይክሮስኮፕ እያየን ሰማያዊዎቹን እንቆጥራለን። የካሬውን የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካ ይቆጠራል፤ የታችኛውንና የቀኙን የነካ አይቆጠርም። አንዱን ናሙና ሁለታችንም ለየብቻ እንቆጥርና ሳንነጋገር እንመዘግባለን። የሁለት ሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚለያይ ማወቁ ራሱ የልኬቱ አካል ነው።

ጋሼ ግን ሳይናገሩ መጻፍ አልለመዱም። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣ ክፍል ውስጥ የፈተና መልስ እንደሚያነቡ "ሃያ ሦስት!" ይላሉ። እኔ ቀጥዬ ስቆጥር ሠላሳ አራት አገኛለሁ። እደግመዋለሁ፤ አሁንም ሠላሳ አራት። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰው ሃያ ሦስት ካሉ በኋላ ሠላሳ አራት ብሎ መጻፍ ፊት ለፊት "ተሳስተዋል" እንደማለት ሆነብኝ። ሃያ አራት ብዬ ጻፍኩ። አንዷን የጨመርኩት ለህሊናዬ ነው። በሚቀጥለውም ናሙና እንዲሁ አደረግኩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉትም። እውነተኛውን ቁጥር ደብተሬ መጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ፣ ቁልጭ ብሎ በማይታይ ጽሕፈት አስቀምጥ ነበር። ለምን እንደማስቀምጠው ራሴን አልጠየቅኩም።

ስልጠናው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አሰልጣኛችን፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ቀጥተኛ ሴት፣ የአንዱን ቆጣሪ ቁጥር ከጓደኛው ጋር እያነጻጸረች የሁሉንም ቡድን ውጤት በነጥብ አድርጋ ግድግዳው ላይ አሳየች። የሌሎቹ ነጥቦች ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። የእኛዎቹ አንድ መስመር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።

"እንዴት ያምራል!" አለ ከኋላ አንዱ።

"ያምራል፤ ግን አይሆንም" አለች። "አንድ ሰው እንኳ ያንኑ ናሙና ሁለቴ ሲቆጥር እንዲህ አይገጥምለትም። አንዳችሁ የሌላውን አይታችኋል።"

ጋሼ ተነሡ። "በዚህ ዕድሜዬ ልኮርጅ? እኔ ስንት ኮራጅ የያዝኩ ሰውዬ!"

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ይቺም ልጅ ብትሆን ጨዋ ናት። አትኮርጅም፤ እኔ ምስክር ነኝ።"

ደብተሬን ከድኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሰልጣኟ እስከ ነገ ጠዋት ምክንያቱን ካላስረዳን ውጤታችን እንደሚሰረዝና በመዝጊያው ቀን እንደማናቀርብ ነገረችን። ጋሼ የመጡት ዘዴውን ተምረው ዩኒቨርሲቲያቸው ውስጥ ለማስተማር ነበር። አሁን በልጆቻቸው እኩዮች ፊት ኮራጅ ሊባሉ ነው።

ስንወጣ እናቴ ሱቅ ሄጄ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት።

"ታዲያ ተናገሪያ!"

"አፍራለሁ።"

"እሱንማ ሰፈሩም ያውቃል። ታክሲ ውስጥ 'ወራጅ አለ' ማለት አፍራ፣ ሲኒማ ራስን አልፋ መሳለሚያ የምትወርድ ልጅ ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ።"

የጎረቤት ሱቅ ያሉት እትዬ እያነጠሱ "ተያት እንጂ፣ ጨዋነት ነው" አሏት።

"ምኑ ነው ጨዋነቱ?" አለች እናቴ፣ የተበላሸውን ዛላ ከደህናው እየለየች። "ሰውየው ነገ ይዋረዳሉ። ያኔ የእሷ ጨዋነት ምን ያደርግላቸዋል?"



በማግስቱ ላብራቶሪው ጋሼን ቀድሜ ደረስኩ። ሲገቡ ደብተሬን መጨረሻው ገጽ ላይ ገልጬ ሰጠኋቸው፤ በአፌ መጀመር ስላቃተኝ ነው። ክንዳቸውን ዘርግተው ከፊታቸው አራቁትና አነበቡት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የእኔ ቁጥር ነው፣ ጋሼ። ዋናው።"

"መዝገቡ ላይ ያለውስ?"

"እሱ... እርስዎ ከተናገሩ በኋላ ያስጠጋሁት ነው።"

ገጹን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ያስተማርኳቸው ልጆች በሙሉ" አሉ በመጨረሻ፣ "ለካ እንዲህ እያስጠጉልኝ ይሆናል የኖሩት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአሰልጣኟ አብረን ሄደን ነገርናት። አንድ ናሙና ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጋ ምስሉን ስክሪን ላይ አወጣችው። "ሰማያዊዎቹን ያሳዩኝ" አለቻቸው። ጋሼ ደማቆቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ፈዘዝ ያሉትን ግን አለፏቸው።

"ይሄኛውስ?"

"ይሄማ ነጭ ነው" አሉ። ከዚያ ፊታችንን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። "ነጭ አይደለም እንዴ?"

"ሰማያዊ ነው፣ ጋሼ።"

መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ቀጥሎ ሌላውን። አሰልጣኟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የዓይን ሞራ ሲጀምር ሰማያዊ ቀለም ሊደበዝዝ እንደሚችል ነገረቻቸውና ሐኪም እንዲያዩ መከረቻቸው። እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ቁጥሬን ባላስጠጋ ኖሮ ልዩነታችን በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር፤ ዓይናቸውም ያኔ ይታወቅ ነበር። ያከበርኳቸው መስሎኝ የደበቅኩት ይህንን ነው።

ቀኑን ሙሉ ሁሉንም ናሙና ደገምነው። እኔ ቆጠርኩ፤ ከጎናችን ካለው ቡድን አንዲት ልጅ ሁለተኛ ቆጣሪ ሆነችልን፤ ጋሼ ስሌቱን ሠሩ። ነጥቦቻችን እንደሰው ነጥብ ተበታተኑ።

በመዝጊያው ቀን አሮጌውንም አዲሱንም ሰንጠረዥ ጎን ለጎን እናሳይ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ቆሜ ሳቀርብ አንድ ሰው ስለ አሮጌው ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ጥፋቱ የዓይኔ ነው" አሉ። "እሷ ምንም አላጠፋችም።"

ሰዉ በሐዘኔታ አያቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እንደሱ አይደለም" አልኩ። "የእርስዎ ዓምድ የዓይን ነገር ነው። የእኔ ግን አይደለም። እኔ በደንብ አይቼ ነው ሌላ የጻፍኩት።"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እሺ፣ ቀጥዪ" አሉ።