በፕላኑ ላይ መናፈሻ የሆነው ቤታችን

ቤታችን መናፈሻ መሆኑን የነገሩኝ አባቴ ናቸው። ከስብሰባ ተመልሰው ጥምጥማቸውን ፈቱና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «አረንጓዴ ተቀብተናል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰፈራችን ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከአንኮበር መንገድ ገባ ብሎ ነው። በዙሪያችን ያሉት የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማው ሊጠቃለሉ ስለሆነ፣ ከተማው ወዴት እንደሚያድግ የሚያሳየው ፕላን ለሕዝብ ይገለጻል ተብሎ ሰው ሁሉ አዳራሽ ተጠርቶ ነበር። ካርታው ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ተለቀቀ። ቢጫው መኖሪያ ነው፣ ሐምራዊው ፋብሪካ ነው፣ ግራጫው ሰፊ መንገድ ነው እየተባለ ተብራራ። አባቴ ወንዙንና የሚያገለግሉበትን ቤተ ክርስቲያን ምልክት አድርገው የራሳቸውን ግቢ ፈለጉ። አገኙት፤ አረንጓዴ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው አረንጓዴው ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት «መናፈሻ ነው» አላቸው። እጃቸውን ቢያወጡ ሰዓት አልቋል ተባለ። ሰብሳቢው ግን አያቸውና «መምሬ፣ በሉ መርቁንና እንለያይ» አላቸው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ቄስ መርቁ ተብሎ አልመርቅም ማለት የለም፤ አባቴም እንዴት እንደሚባል አያውቁበትም። አባቴ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ፤ «ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፣ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ» አሉ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። ከዚያ ወዲያ አቤት ባልን ቁጥር የሚመለስልን መልስ ይኸው ሆነ፦ «መምሬ ራሳቸው መርቀውት የለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ብዙም አልተጨነቅሁም። መናፈሻው የሚሠራው በጀት ሲለቀቅ ነው፣ እስከዚያ ኑሩ ተብለናል። እኔ ከተማ ውስጥ መምህር ነኝ፤ ከባሌና ከሦስት ልጆቼ ጋር አባቴ ቤት ነው የምኖረው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሳቸውን ብቻቸውን መተው አልሆነልኝም። ቤቱ የድንጋይ ካብ በጭቃ የተያዘበት የደጋ ቤት ነው፤ ፊት ለፊት አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ጠባብ ክፍል አለው። በኋለኛው ክፍል ታላቅ እህቴ ትኖር ነበር። በልጅነቷ ወለጋ ተድራ ብዙ ዓመት እዚያ ኖራለች። ቤቷ ተቃጥሎ፣ ባሏን ቀብራ፣ አራት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ግን ክፍል ናት፤ በር ነበራት።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ተናደ። ደግነቱ ቀን ነበር፤ ልጆቹ ውጭ ነበሩ። ጣሪያው በአንድ ጎን ተንጋደደ፣ ድንጋዩ ጓሮ ውስጥ ተከመረ። ለጥቂት ጊዜ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ተደራርበን አደርን። ከዚያ እህቴ አንድ ቀን ጠዋት ልብሷን ቋጠረች። «ባልሽ መልካም ሰው ነው፣ ምንም አላለኝም። ሳይለኝ ልሂድ» አለችኝና ልጆቿን ይዛ ከወለጋ የተፈናቀሉት ወደሰፈሩበት ጣቢያ ሄደች። ሸራ ሰጧት።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የማያውቅ ሰው ሸራ ውስጥ ማደር ምን እንደሆነ አይገባውም። ከኅዳር ጀምሮ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ላይ በረዶ ይጋገራል። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ደረቱን ታሞ ነበር። ጤና ጣቢያ የመረመረችው ነርስ መድኃኒቱን ሰጥታ «ከብርድ ካላወጣችሁት እኔ የምሰጠው ነገር ምንም አያደርግለትም» አለችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ውርጩ ሳይመጣ ያቺን ግድግዳ ማቆም አለብን። ድንጋዩ እዚያው ወድቋል፤ ጭቃ አቡክቶ መልሶ መካብ ብቻ ነው። አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። አስተማሪ ነኛ፤ ሕግ ማክበር አስተምራለሁ። በከተማው በኩል ያለው ባለሙያ ካርታውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና «በፕላኑ ውስጥ ያለ ቦታ ላይ ግንባታ ታግዷል» አለኝ።

«ግንባታ አይደለም፤ የወደቀ ግድግዳ ነው።»

«ጥገናም ግንባታ ነው።»

«ታዲያ ምትክ ቦታ ስጡን።»

«ርክክቡ አላለቀም። ቀበሌያችሁ ገና ወደ እኛ አልተላለፈም፤ ወረዳ ጠይቂ።»

ወረዳ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ «እናንተን እኮ ለከተማው አስረክበናችኋል» አሉኝ። ማዳበሪያም ከእነሱ ዘንድ የተቋረጠብን በዚሁ ምክንያት ነው። ለመከልከል ሲሆን የከተማ ሰዎች ነን፣ ለመስጠት ሲሆን የገጠር። እግሬ እስኪቀጥን ተመላለስኩ። አንዱ ኃላፊ ጭራሽ ፈገግ ብሎ «መናፈሻ አጠገብ መኖር እኮ ዕድል ነው» አለኝ። አጠገቡ ሳይሆን ውስጡ ነኝ አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናግሬ ወጣሁ። ምንም የጠቀመን ነገር የለም።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌላ ምክር ነበራቸው። ደንብ አስከባሪዎቹ በሥራ ቀን ሰፈሩን ይዞራሉ፤ እሑድ ግን አይመጡም። እሑድ ቶሎ ካቡት፤ ሰው ገብቶበት ካገኙት አያፈርሱትም አሉ። የከተማ ዳር ሰው ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። እኛ ቤት ግን እሑድ ሚስማር ተመትቶ አያውቅም። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሰንበትን አትሻሩ እያሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እሑድ እንጨት ሲፈልጥ ያገኙትን ሰው ደጁ ድረስ ሄደው የሚቆጡ ናቸው። ማን ይንገራቸው? እኔ ነገርኳቸው። በነጋታው ሳልጠይቃቸው ጣቢያው ድረስ ሄዱና የልጁን ደረት በጆሯቸው አዳምጠው ተመለሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቹ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰው ሊበተኑ ሲሉ አባቴ ተነሱ። «ዛሬ ቤቴ ሥራ አለ። በደሉ በእኔ ላይ ነው፤ እናንተ የታዘዛችሁትን ነው የምትሠሩት» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ጋቢውን አጣፋ፣ ሌላውም ተከተለ። ተከታትለው ወደ ቤታችን መጡ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ጭዱና ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ እንባቸው እየወረደ ጭቃውን ረገጡ። ማንም ተዉ አላላቸውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ቆመ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ እህቴ ገባች። ጭቃው አልደረቀም፣ ክፍሉ ይሸታል፣ ግን ነፋስ አያስገባም። ልጁ ያን ቀን እንጀራ ጠይቆ በላ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደንብ አስከባሪዎቹ መጡ። ከፊት የሚመራቸውን ሳየው ልቤ ተመለሰ፤ የአባቴ የንስሐ ልጅ ነው። ያጋቡት እሳቸው ናቸው፤ ልጁንም ክርስትና ሲያስነሳ አብረን በልተን ጠጥተናል። ኮፍያውን አወለቀና ወደ አባቴ ቀረበ። «አባ፣ ይፍቱኝ» አለ።

አባቴ መስቀሉን ከደረታቸው አውጥተው አሳለሙት። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

«አባ፣ ታዝዤ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ከዚያ ዞሮ ለባልደረቦቹ ምልክት ሰጣቸው። እህቴ በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። «የታመመ ልጅ አለ፤ ላውጣው፣ ቆዩኝ» ብቻ አለች። አወጣችው። ፍራሹንም ራሳቸው ደንብ አስከባሪዎቹ ተሸከሙላት፤ በጥንቃቄ፣ እንዳይቆሽሽ ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡላት። ጭቃው እርጥብ ስለነበር ግድግዳው ብዙም አላስቸገራቸውም። እኔ ግን አልቻልኩም። ሰውዬውን ልብሱን ይዤ «አሁን የተሳለምከው ምንድን ነው? ንገረኝ፣ ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ዓይኔን አላየም። አባቴ እጄን ያዙና «ተይው» አሉኝ።

እህቴ ከሰዓት በኋላ ወደ ሸራዋ ተመለሰች። «እትዬ፣ እኔ ጋ ተጣበን እንደር» ብዬ ለመንኳት። «አይሆንም። ልጆችሽም ይታመማሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይህን ማወቄ ነው ይበልጥ ያሳረረኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ቤተ መቅደስ አልገቡም። ከምእመናን ጋር ቅጥሩ ሥር ቆመው አስቀደሱ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ሰንበትን የሻርኩት ለልጁ ብዬ ነበር። ልጁ ይኸው ብርድ ላይ ነው። ታዲያ ስለ ምን ሻርኩት ልበል?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ዳዊታቸውን፣ መቋሚያቸውንና ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ልጄ ዘንድ።»

«እዚያ እኮ ቦታ የለም።»

«እዚህስ አለ?»

ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አልመለሱም። እህቴም ብትለምናቸው እንቢ አሉ። ነፋሱ የሚገባው በሸራው በር በኩል ነው ብለው በሩ ላይ መተኛት ጀመሩ፤ በጀርባቸው ሊከልሉት። የጣቢያው አስተባባሪ መጥቶ «አባ፣ እርስዎ ተፈናቃይ አይደሉም፤ ቤት አለዎት» ቢላቸው «እሱ መናፈሻ ነው» አሉት። ሰውዬው ሳቀ። ቀልድ መስሎታል።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ በደረቴ አቅፌ የምወስደው ትኩስ ነገር መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። የእኛ ቤት ጓሮ እንደነበረ ነው፤ የድንጋይ ክምርና ሣር። መናፈሻውን ሊሠራ የመጣም የለም፣ ችካል የተከለም የለም። አንዳንድ ቀን ያን ድንጋይ አይና ብቻዬን ልካበው ያሰኘኛል፤ ከዚያ የሚያፈርሱት መሆኑ ይታወሰኝና እተወዋለሁ።

ትናንት ሳይመሽ ደረስኩ። ከቤት የተረፈውን አንድ ብርድ ልብስ ለልጁ ብዬ ይዤ ነበር። ሸራው ደጃፍ ላይ ስደርስ ከውስጥ ሳል ሰማሁ፤ ረጅም፣ ከደረት የሚወጣ ሳል። ቆሜ አዳመጥኩ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲያባራ ሌላው ይቀበላል። ብርድ ልብሱን ይዤ ገባሁ፤ ለየትኛቸው እንደምሰጠው አላውቅም ነበር።